የጋሼ ደበሳ ጠማማ ሣጥን

ይቅርታ አድርጉልኝና ይቺን ልጻፍ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እስክሪብቶ ስይዝ ድጅኖ ያነሳሁ ያህል እጄን ይከብደኛል። አራት ነጥብ የት እንደሚገባም ሁልጊዜ አይገለጥልኝም። የተማረ ሰው አንብቦ ሊስቅ ይችላል፤ ይሳቅ፣ ነገሩም የሚያስቅ ነው። መጻፍ የሚችሉት አልጻፉትም፣ እኔ ደግሞ አጥር የምጋራቸውን ሰውዬ ነገር እንዲሁ በወሬ ብቻ እንዲያልፍ አልወደድኩም። ከተሳሳትኩ እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

መቱ ላይ ጋሼ ደበሳን በቀፎ የማያውቃቸው የለም። ቀፎን ጋጉራ ነው የሚሉት። ከዛፍ ቅርፊት ጠቅልለው፣ በሐረግ ጠምጥመው ሲጨርሱት ውሃ ቢሞሉት የሚያፈስ አይመስልም። ከዚያ በፊት ግን ይታጠናል። በወይራና ስማቸውን ለማንም በማይነግሯቸው ቅጠሎች ውስጡ እስኪጠቁር ድረስ ያጥኑትና፣ ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሶር ወንዝ ማዶ ካሉት የቀረሮ ዛፎች አንዱ ላይ ወጥተው ይሰቅሉታል። አብሮ አደጋቸው ጋሼ ነገራ፣ እሳቸውም ቀፎ ሰቃይ ናቸው፣ «የደበሳን ጢስ ያሸተተ ንብ ከኡካ ድረስ ጓዙን ጠቅልሎ ይመጣል» እያሉ በቅናትም በፍቅርም ይናገሩ ነበር።

በጋሼ ደበሳ ቤት ከአባታቸው የወረሱት አንድ ደንብ አለ። ልጅ ጎጆ ሲወጣ አባት በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በገዛ እግሩ ወጥቶ የሰቀለውን አንድ ቀፎ ይሰጠዋል። ንብ የገባበት መሆን አለበት። ባዶ ቀፎ መስጠት ባዶ ቤት መመኘት ነው ይላሉ። የበኩር ልጃቸው ሌንጮ አዲስ አበባ ሲገባ እንኳ ቀፎው እዚህ ተሰቅሎለታል፤ ማሩ በየዓመቱ በአውቶቡስ ይላክለታል። ሁለተኛዋ ገለኔም ዳሪሙ አገር ስትዳር ወስዳለች። የቀረችው የመጨረሻዋ ዬሮሳን ነበረች።

ካቻምና ነው እንግዲህ ጋሼ ደበሳ ከቀረሮ ላይ የወደቁት። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እግራቸውን ግን ወጌሻም ሐኪምም አይቶት እንደ ድሮው አልሆነም። መራመድ ይችላሉ፣ ዛፍ ግን በቃ። አልጋ ላይ ሳሉ ሥራ የለመደ እጃቸው አላርፍ ሲላቸው ጊዜ የዋንዛ ጣውላ ቁርጥራጭ አስመጥተው አንድ ሣጥን ሠሩ። በጎናቸው ተኝተው ነበርና የሠሩት፣ ሣጥኑ ጠማማ ወጣ። አንዱ ጎኑ ዘመም ብሎ፣ ግድግዳ ላይ ጆሮውን ጥሎ ወሬ የሚያዳምጥ ሰው ይመስላል። እሳት ውስጥ ጨምሪው አሏት ለባለቤታቸው። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ነገር አትጥልም። የምትፈትለውን ጥጥ አኖረችበትና መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው። ጋሼ ደበሳ ወደዚያ ሣጥን ዓይናቸውን አያዞሩም ነበር። የወደቁበትን ጊዜ ያስታውሳቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራቸው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ማየት ሆነ። መቱ ላይ ደግሞ ዝናብ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሥራ አይጠፋም።

ለገና ሌንጮ ከአዲስ አበባ መጣ። በአውቶቡስ፣ ጉልበቱ ላይ በነጠላ የተሸፈነ ነገር ይዞ። ነጠላው ሲገለጥ በትንሽ የሽቦ ጎጆ ውስጥ ሁለት ወፎች። መላ አካላቸው እንደ እርጥብ ሣር አረንጓዴ፣ ፊታቸው እንደበሰለ ኮክ የቀላ፣ ከጅራታቸው በላይ ሲበሩ ብቻ የሚታይ ሰማያዊ። ተጣብቀው ነው የሚቀመጡት፤ አንዱ የአንዱን አንገት ሲያክ ሌላው ዓይኑን ይጨፍናል። በከተማው ላቭ በርድ፣ የፍቅር ወፍ፣ ይሏቸዋል አለ ሌንጮ፣ አባዬ እንዳይደብረው ብዬ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ወፎቹንም ባሏንም አየች።

«አንዱ ቁጭ ባይ ሳይበቃኝ ሁለት ጨመርክልኝ?» አለችው ልጇን።

ጋሼ ደበሳ መጀመሪያ አልወደዷቸውም። ጩኸታቸው ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይበሳል። ግን ሰው ቁጭ ካለ ያያል፤ ካየ ደግሞ ይለምዳል። ትልቋን፣ ሌላውን ከመቆሚያው የምትገፈትረውን፣ አውራ አሏት፤ የንብ እናት እንደምትባለው። ሌላው ከአፉ አውጥቶ ሲያጎርሳት ያየችው እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ሙሽራው ብላ ጠራችው። «ከሱ ተማር» ትላቸዋለች ባሏን እያለፈች።

በጥምቀት ሰሞን ከቡሬ ሽማግሌዎች መጡ። ደቅሲሳ የሚባል የቡሬ ቡና ነጋዴ ልጅ ዬሮሳንን ሊያገባ ጠየቀ። ልጅቷም ታውቀው ኖሯል፣ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ ይሁን ተባለ። ቤቱ እልል አለ፤ የጋሼ ደበሳ ልብ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሁለቱ ልጆች ቀፎ አላቸው። ለሦስተኛዋ አባቷ ምን በእጁ ይዞ ሊሸኛት ነው?

ጋሼ ነገራ ነገሩ ገብቷቸው መጡ። አንተ ሥራው፣ እኔ ልስቀልልህ አሉ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ጋሼ ደበሳ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሰው እግር የወጣ ቀፎ የሰውየው ነው፣ ነገራ። የኔ ልጅ የኔን ትፈልጋለች።» ጋሼ ነገራም አልተቀየሙም። እንዲያ ከሆነ ክንፍ አብቅል ብለው ሄዱ።

ክንፍ የሚለው ቃል ይሁን ሌላ እንጃ፣ ብቻ በማግስቱ ጋሼ ደበሳ ወንበራቸውን ከበረንዳ አንስተው ከወፎቹ ፊት ተቀመጡ። አውራ ከሥራቸው የተነጠፈውን ጋዜጣ ቀድዳ ትጎትታለች፤ ሙሽራው ያጎርሳታል። እነዚህ ቢወልዱ! በገዛ እጄ አሳድጌ፣ ጥንድ አድርጌ ብሰጣት! ቤት ሠርቼ ነፍስ ያለው ነገር ካስገባሁበት፣ ያው ቀፎ ነው እኮ። ዬሮሳንን ጠሩና የአንቺም ድርሻ አለ አሏት፤ ምን እንደሆነ ሳይነግሯት። እሷም አልጠየቀችም። አባቷ ቃል ከሰጠ ቃል ነው።

ከብት ሕክምና የሚሠራውን ነመራን አስጠሩ። ነመራ የዚያው ሠፈር ልጅ ነው። እውነቱን ተናገረ፤ ላምና ዶሮ አውቃለሁ ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ወፍ ግን ገና ዛሬ ነው በቅርብ የማየው፣ አብሮኝ የተማረ አለ፣ ጠይቄ ልምጣ አለ። ጠይቆም መጣ። መጀመሪያ ወፎቹን በጨርቅ ይዞ ከሆዳቸው በታች ያለውን አጥንት በጣቱ ጫፍ ዳሰሰ። የአውራ ሰፋ ያለ ነው፣ የሙሽራው የተጠጋጋ፤ ሴትና ወንድ ናቸው ማለት ነው። ሁለቱም ሴት ቢሆኑ ኖሮ ዕድሜ ልካቸውን የማይፈለፈል እንቁላል ይታቀፉ ነበር ብሎ ሳቀ። ዕድሜያቸው ዓመት ማለፉንም ከሌንጮ በስልክ አረጋገጠ። ገና ልጅ የሆነች ወፍ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ተሰንቅሮባት ልትሞት ትችላለችና።

ከዚያ ምግቡ። ሌንጮ ያመጣው የሱፍ ፍሬ ብቻውን ያወፍራቸዋል፤ ዳጉሳና ማሽላ ይብሉ፣ ጎመንና ካሮት ይጨመር። እንቁላል ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ፣ ቅርፊቱ ደቆ ይሰጣቸው፤ እናቲቱ የራሷን እንቁላል ቅርፊት የምትሠራው ከዚያ ነው። የሚታጠቡበት ውሃ በሰፊ ሳህን ይቅረብላቸው። ከማድ ቤት ጢስ ይራቁ፣ የወፍ ሳንባ ስስ ነው። «አቮካዶ ግን በምንም ዓይነት እንዳታቀምሷቸው፣ እትዬ። ይገድላቸዋል።»

እትዬ ጥሩነሽ ግቢዋ ውስጥ በአቮካዶ ብዛት ቅርንጫፉ የተሰበረ ዛፍ አላት። የተሰደበች መሰላት። አቮካዶ የማይበላ እንግዳ መቱ ምን ሊሠራ መጣ አለች። እንቁላሉ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያ ቤት እንኳን እንቁላል የእንቁላል ወሬ በማይነሳበት ወቅት፣ እትዬ ጥሩነሽ ጠዋት ተነስታ ለወፎች እንቁላል ትቀቅላለች። እኛ ጎረቤቶቿ አይተን በልባችን እንዳንጠራጠራት፣ «ለወፎቹ ነው፣ ለወፎቹ» እያለች ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው የምትቀቅለው።

ጋሼ ደበሳ ተለወጡ። ሽቦ ወንፊት አስመጥተው ሰፊ ጎጆ ሠሩላቸው፤ ከማድ ቤት አርቀው ሳሎን ውስጥ፣ የጠዋት ብርሃን የሚያገኘው መስኮት አጠገብ አቆሙት። ከዚያ እንቁላል መጣያውን ሣጥን ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሣጥን አይታችሁ አታውቁም። ማዕዘኑ ቢላ የሚያሾል፣ ክዳኑ ሲዘጋ እስትንፋስ የማያሳልፍ፣ መግቢያው ክብ ቀዳዳ እንደ ሳንቲም የተስተካከለ። ሲጨርሱም እንደ ወጉ አደረጉ። ከሰል ላይ ወይራና እነዚያን ስም የሌላቸው ቅጠሎች አድርገው ሣጥኑን ከሁለት ቀን በላይ አጠኑት።

የማድ ቤቱን ጢስ ሰምተዋል፤ ለዚያም ነው ጎጆውን ያራቁት። ይኼኛው ግን ለሳቸው ጢስ አልነበረም። ግብዣ ነው። ቤት ሠርቶ ሳያጥኑ ንብ መጥራት፣ ድግስ ደግሶ ሰው ሳይጠሩ መቀመጥ ነው።

ሣጥኑ ጎጆው ውስጥ ተሰቀለ። አውራ ወደ ቀዳዳው ቀረበች፣ አንገቷን አስገባች፣ አስነጠሳት፣ ወደ ሌላኛው ጥግ በረረች። ሙሽራውም ተከተላት። ጋሼ ደበሳ አልተጨነቁም። ንብም መጀመሪያ ሰላይ ነው የሚልከው። ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ስለ ቀፎው እንኳ አይወራም፣ ወሬ ንብ ያስበረግጋል። ጠበቁ። ጾሙ ተጋመሰ። ወፎቹ በልተው ጠጥተው፣ ታጥበው ተሳስመው፣ ሌሊቱን ከሣጥኑ በራቀው ጥግ ተጣብቀው ያድራሉ። ጋሼ ነገራ በየሳምንቱ እየመጡ ንቡ ገባ ወይ ይሏቸዋል። ሰርጉ እየቀረበ ሄደ። ዬሮሳን ልብሷን ስታሰፋ ጋሼ ደበሳ ዓይኗን ማየት ተሳናቸው። ቃል ሰጥተዋል።

ሆሳዕና ደረሰ። ባልና ሚስት ቀስ እያሉ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ዘንባባቸውን በግንባራቸው አስረው ተመለሱ። እትዬ ጥሩነሽ እንደ ልማዷ የግንባሯን ፈትታ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ ሰካችው። ወፎቹ ክንፋቸውን እንዲዘረጉ መስኮቱን ዘግታ የጎጆውን በር ከፈተችላቸው፣ ማድ ቤት ገባች። ጋሼ ደበሳ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው።

የነቁት በቅርጥ ቅርጥ ድምፅ ነው። አውራ ሥዕሉ ላይ ተቀምጣለች። የዘንባባውን ቅጠል ከዳር በምንቃሯ እየነከሰች፣ ልክ በክር እንደተለካ ቀጭን ክር አድርጋ ትተለትለዋለች። ጋሼ ደበሳ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሳቸው ለቀፎ ቅርፊት የሚልጡት እንደዚሁ ነው፤ ከዳር ጀምሮ፣ ሳይቆርጡ፣ እስከ ጫፍ። ክሩን ከላጠች በኋላ ደግሞ የምታደርገውን አላመኑም። አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ያንን ክር ጅራቷ ላይ ባለው ሰማያዊ ላባ ውስጥ ሰካችው። ሁለተኛ ላጠች፤ ሰካች። ሦስተኛ። የተጫነች አህያ መስላ ተነስታ በረረች።

ወደ ውቡ ሣጥን አልሄደችም። መደርደሪያው ላይ ወደተሰቀለው ጠማማ ሣጥን በረረች፣ በክፍቱ በኩል ገባች፣ ጥጡን ገፋ ገፋ አድርጋ ጭነቷን አራገፈች።

«ጥሩነሽ» አሉ ጋሼ ደበሳ በሹክሹክታ። «ኮቱ፣ ነይ። ቀስ ብለሽ።»

«ምነው? ሞቱ እንዴ?»

«ዝም ብለሽ እይ።»

እትዬ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመች። አውራ ተመልሳ ሥዕሉ ላይ ወጥታ ነበር። የተቀደሰ ዘንባባ ሲቀደድ አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትከልክላት አትከልክላት ጨነቃት። ወፏ ክሩን ላባዋ ውስጥ ሰክታ ስትነሳ ግን የገዛ ግንባሯን በእጇ ዳሰሰች፤ ጠዋት ዘንባባው የታሰረበትን።

«እንግዲህ» አለች፣ «እሷም እንደ አቅሟ አከበረች። እኔ ማን ነኝ የምከለክል።»

ጋሼ ደበሳ ተነሱ። ጠማማውን ሣጥን አወረዱና አፍንጫቸውን አስገቡ። እንጨትና ጥጥ፣ ሌላ ምንም አይሸትም። ወደ ጎጆው ሄደው ውቡን ሣጥን አሸተቱ። ጢሱ ጉሮሯቸውን ያዛቸውና አሳላቸው። ከዚያ በፊት ሲያሸቱት አንድም ቀን አላሳላቸውም፤ ለንብ ሆነው ነበራ የሚያሸቱት። ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀምጠው መሳቅ ጀመሩ። ከወደቁ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አልተሰማም። አጥር ዘልሎ ይሰማ ነበር።

«ለካ ንብ ጠርቼ ነው ወፍ የምጠብቀው» አሉ።

ዕለቱኑ ጥጡ ተለቀመ፤ የጥጡ ክር የጫጩት እግር እንዳይጠልፍ። ለጠማማው ሣጥን ቀዳዳ ያለው ክዳን ተሠራለትና በውቡ ፈንታ ተሰቀለ። ሲሰቀል እንደ ጥንቱ ዘመም አለ። አውራ የዘመመውን ጎን ወደደችው፤ ጥጉ ውስጥ ነው ክሯን የምትከምረው። ጋሼ ነገራ ከሶር ዳር ዘንባባ በሸክም አመጡላት። ለደበሳ ወፍ ዘንባባ ተሸካሚ ሆኜ ቀረሁ እያሉ ያማርራሉ፣ ግን በማግስቱም ያመጣሉ። እሷም ያለ ዕረፍት ትተለትላለች፣ ትጭናለች፣ ታራግፋለች፤ መንገድ ላይ ግማሹ ይወድቃል፣ ተመልሳ ሌላ ትልጣለች። ሙሽራው አይልጥም። ሊሞክር አንድ ክር ላጠና አሰካኩ ጠፍቶት ሲዞር ዋለ። እትዬ ጥሩነሽ ወንድ ሁሉ አንድ ነው አለች።

በፋሲካ ሳምንት አውራ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ መውጣት አቆመች። ሙሽራው በቀዳዳው በኩል እያጎረሰ ይመግባታል። ታቀፈች ማለት ነው። አትዩ፣ አታንኳኩ፣ ከተረበሸች እንቁላሉን ጥላ ትነሳለች ብሏል ነመራ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ወፏ የታቀፈችው የሰርግ ቤት ውስጥ ነው። ጌሾ ይወቀጣል፣ በርበሬ ይወቀጣል፣ ሴቶች ይመጣሉ፣ ሴቶች ሲመጡ ይዘፈናል። ጋሼ ደበሳ ከዘራቸውን ይዘው ሳሎኑ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሙ። በመስኮቱ በኩል ሙቀጫ የሚባል ነገር እንዳላይ አሉ። ከበሮ ወደ ጓሮ ተባረረ። ከቤቱ ፊት ለዳሱ የተቆፈረው ጉድጓድ ተደፍኖ ዳሱ ወደ አጥሩ በኩል ዞረ። የበርበሬው ሽታ ያስነጥሳታል ተብሎ ውቀጣው ጋሼ ነገራ ግቢ ሄደ።

«የልጅህን ሰርግ በሹክሹክታ ልንደግስልህ ነው?» አለች እትዬ ጥሩነሽ፣ ወገቧን ይዛ።

«እሷስ የታቀፈችው የልጄን ድርሻ አይደል?» አሉ ወደ ሣጥኑ እያመለከቱ።

ሴቶቹ ይህን ሰምተው ነገሩ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ሳሎን የሚገባ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ ቄስ ፊት እንደሚያልፍ ጎንበስ ብሎ ያልፋል። እልልታው እንኳ ከጓሮ ነው የሚለቀቀው። እውነቱን ለመናገር ሠፈሩ ሁሉ የታቀፈ ይመስል ነበር።

ሰርጉ ሊደርስ ሲል አንድ ማለዳ ጋሼ ደበሳ ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አስጠግተው ሳለ ቀጭን ድምፅ ሰሙ። ጽው፣ ጽው። ቀፎ ውስጥ የመጀመሪያውን የንብ ድምፅ የሰማ ሰው ብቻ ያንን ፊታቸውን ያውቀዋል። ማንንም አልጠሩም። ቆመው ሰሙ፣ ሰሙ፣ ከዚያ በእግር ጣታቸው ሄደው እንቁላል ቀቅይ አሏት ለሚስታቸው። ከእንቁላሎቹ አንዱ ሳይፈለፈል ቀረ፤ ሦስቱ ወጡ። አውራ ለመታጠብ ስትወጣ አንዴ ብቻ ክዳኑን ከፍተው አዩ። ቀያይ፣ ዓይናቸው የተከደነ፣ ራሳቸው ከሰውነታቸው የሚከብድ። እትዬ ጥሩነሽ ምን ያስጠላሉ አለች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋን ጠረገች።

የሰርጉ ቀን ዝናቡ ራርቶልን ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ተዘፈነ። ዘመድ ስጦታውን በየተራ እየተነሳ ሰጠ። ያ ሰው ሁሉ ደንቡን ያውቃል፤ አባትየው ከእንግዲህ ዛፍ እንደማይወጣም ያውቃል። የጋሼ ደበሳ ተራ ደረሰ። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ጫጩቶቹን አሁን ከነሣጥናቸው አንስተው ቢሰጡ ማንም አይከለክላቸውም፤ ዳሱም በጭብጨባ ይናጥ ነበር። ዬሮሳን በቬሏ ውስጥ ሆና ታያቸዋለች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ። «ያንቺ ድርሻ አለ። ሳሎን ውስጥ ነው። ግን ገና ላባ አላበቀለም፣ እናቱ ናት የምታጎርሰው። እኔ ባዶ ቀፎ ሰጥቼ አላውቅም፤ ከእናቱ አፍ ነጥቄም አልሰጥም። ለራሱ መብላት ሲጀምር እጠራሻለሁ፣ መጥተሽ በእጅሽ ትወስጃለሽ።»

ከቡሬ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ሰውዬው ልጁን ድሮ መልሶ የሚያስመጣበት ዘዴ አዘጋጅቷል አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ዬሮሳን ተነስታ፣ ቬሏ እየተጎተተ ሄዳ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ የተሰበረውን። ጋሼ ደበሳ ልጃቸውን ቀና አድርገው ለመሳም ጎንበስ ሲሉ ከዘራው ወደቀ። ማንም አላነሳላቸውም፣ እሳቸውም አልፈለጉትም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የመቱ ክረምት። ቀኑን ሙሉ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጫጫል፣ ግድግዳው ያልባል። ጋሼ ደበሳ ጋቢያቸውን አንስተው ጎጆውን በነፋሱ በኩል አለበሱትና እሳቸው በነጠላ ተንቀጠቀጡ። ጫጩቶቹ ላባ አበቀሉ፤ መጀመሪያ እንደ አመድ፣ ቀጥሎ እንደ ሣር። አንድ ቀን አንዱ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ዓለምን አየና ደንግጦ ተመለሰ። ሌላ ቀን ሦስቱም ወጥተው መቆሚያው ላይ በተርታ ተቀመጡ። ሙሽራው ያጎርሳቸዋል፣ እነሱ ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ይንቀጠቀጣሉ። ጋሼ ደበሳ ጠበቁ። ዬሮሳን ስትደውል፣ ገና ነው ይላሉ። በሌላው ሳምንትም ገና። ሐምሌ ላይ ትንሹ ጫጩት ከአባቱ ዞር ብሎ የዳጉሳ ፍሬ በምንቃሩ አዙሮ፣ ገለባውን ጥሎ፣ ውስጡን በላ። የዚያን ዕለት ራሳቸው ደወሉ።

ዬሮሳንና ደቅሲሳ ዝናብ እየደበደባቸው ከቡሬ መጡ። ነመራም ጋሼ ነገራም ተጠርተዋል። ሁለቱ ጫጩቶች ጋሼ ደበሳ በሠሩት አዲስ ትንሽ ጎጆ ገቡ፤ ሦስተኛው ለቤቱ ቀረ። ዬሮሳን ጣቷን በሽቦው ስታስገባ አንዱ ቀስ አድርጎ ነከሳት፣ ሳቀች። ደቅሲሳ፣ ሙሽራ አይደል፣ እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት እኛም ጫጩት እናወጣለን አለ።

ነመራ ጉሮሮውን ጠራረገ። እነዚህ ወንድምና እህት ሊሆኑ ይችላሉ፣ አብረው ይጫወቱ እንጂ ሣጥን እንዳትሰቅሉላቸው፣ ከዘመድ የሚወለድ ጫጩት ደካማ ነው አለ።

ጋሼ ደበሳ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «እኛ ለሰው ሰባት ትውልድ ቆጥረን ነው የምናጋባ፣ ነመራ። የኔን ወፎች ከሰው ታሳንሳለህ? ይደጉ እንጂ፣ ሌላ ዘር ፈልጌ ሽማግሌ የምልክ እኔው ነኝ።»

ጋሼ ነገራም ሽማግሌ ሆኜ እሄዳለሁ፣ ዘንባባ ግን ከእንግዲህ አልሸከምም አሉ። ተሳሳቁ። ሙሽሮቹ ዝናቡ ጋብ ሲል በጋቢ የተሸፈነውን ጎጆ አቅፈው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ጋቢው የጋሼ ደበሳ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ አይታለች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ደበሳ ወፎቹ ሳይነቁ ተነሱ። መጀመሪያ ቡሬ ደወሉ። ዬሮሳን በእንቅልፍ ድምፅ ሀሎ ስትል፣ እንዴት አደርሽ እንኳ ሳይሉ፣ በሉ ወይ አሏት። እየበሉ ነው አባዬ አለች። ከዚያ አውራ እንድታርፍ ብለው ጠማማውን ሣጥን ከጎጆው አወረዱ፣ በሙቅ ውሃ አጠቡ፣ ከጢስ አርቀው በረንዳ ላይ እንዲንጠፈጠፍ ሰቀሉት። ወንበራቸውን አምጥተው ከሥሩ ተቀመጡና አዲስ የዋንዛ ጣውላ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ ለቡሬዎቹ ቀን ሲደርስ የሚሆን ሌላ ሣጥን ነው። ቀና እያሉ የተሰቀለውን ያያሉ፣ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ። እትዬ ጥሩነሽ ቁርስ ይዛ ስትወጣ ሲነጫነጩ አገኘቻቸው። እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ኖሯል። እንደዚያኛው ሊያጣምሙት ሲሞክሩ፣ ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ይወጣባቸዋል።